ከአደባባይ ወደ ጓዳ፦ ቻትቦቶችና የፕሮግራመሮች መረዳጃ መድረኮች

የዛሬው ንግግር ርዕስ ለጥቂት ባለሙያዎች ብቻ የሚነገር ሊመስል ይችላል። ይሁንና በስልክ ገንዘብ የሚላክበትን፣ በሆስፒታል የሕሙማን ካርድ የሚወጣበትን፣ የአውሮፕላን ትኬት የሚቆረጥበትን ሶፍትዌር የጻፉ ሰዎች በሥራቸው መካከል ግራ መጋባታቸው፣ ፊቱን አይተውት የማያውቁትን ሰው ርዳታ መጠየቃቸው የተለመደ ነው። ያ ርዳታ ለብዙ ዓመታት የሚገኘው በአደባባይ ነበር። ዛሬ ጠያቂው አደባባዩን ትቶ፣ ማንም በማያየው ገጽ ከቻትቦት ጋር ይነጋገራል።

የንግግሩ ዓላማ ይህ ለውጥ ምን እንዳመጣና ምን እየወሰደ እንደሆነ በዝርዝር ማሳየት ነው። ሦስት ክፍሎች ይኖሩታል። በመጀመሪያው የፕሮግራመሮች መረዳጃ መድረክ እንዴት እንደተገነባና ለምን እንደሠራ እናያለን። በሁለተኛው ቻትጂፒቲ ከመጣ በኋላ በዚያ መድረክ ላይ የሆነውን እንከተላለን። በሦስተኛው ደግሞ ጥያቄና መልስ ከሕዝብ ዓይን ሲሰወር ዕውቀቱ ምን እንደሚሆን፣ ይህም አማርኛ ለሚናገር ፕሮግራመር ምን ማለት እንደሆነ እንመረምራለን። የሚጠቀሱት ዓመታት፣ የአገራችን ዘመን አቆጣጠር በስም ካልተነሣ በስተቀር፣ ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፕሮግራም መጻፍ ብዙ ጊዜ ብቻን የሚሠራ ሥራ ነው፤ ችግሩ ግን የጋራ ነው። አንዱ ሌሊቱን ሙሉ አፍጥጦበት የሚያድረውን ስሕተት፣ ሌላ አገር ያለ ሰው አምና አግኝቶ ፈትቶታል። ኢንተርኔት ገና በዩኒቨርሲቲዎችና በምርምር ተቋማት ተወስኖ በነበረበት ዘመን ፕሮግራመሮች ዩዝኔት በሚባለው የውይይት መረብ ይጠያየቁ ነበር። ያኔም አንጋፋዎቹን የሚያሰለቻቸው ያው ጥያቄ ደጋግሞ መምጣቱ ስለነበር፣ የተለመዱትን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው አሰባስበው አዲስ መጪ አስቀድሞ እንዲያነብ ይለጥፉ ጀመር። ቆይቶ ደግሞ መልሱን ለማየት ገንዘብ የሚጠይቁ ድረ ገጾች መጡ።

በ2008 ጄፍ አትውድና ጆኤል ስፖልስኪ የተባሉ፣ በጽሑፎቻቸው በሙያው ዘንድ የታወቁ ሁለት ፕሮግራመሮች ስታክ ኦቨርፍሎው የተሰኘውን ድረ ገጽ ከፈቱ። አሠራሩ በጥቂት ደንቦች ላይ የቆመ ነው። ጥያቄው ግልጽና መልስ ሊገኝለት የሚችል መሆን አለበት። መልስ የሚሰጠው ማንም ሰው ሊሆን ይችላል፤ አንባቢው ለጠቀመው መልስ ድምፅ ይሰጣል፣ ብዙ ድምፅ ያገኘውም ወደ ላይ ይወጣል። ጠያቂው ችግሩን የፈታለትን መልስ በአረንጓዴ ምልክት ይቀበላል። አንድ መልስ በእያንዳንዱ የድጋፍ ድምፅ ለጸሐፊው 10 ነጥብ፣ ጠያቂው ሲቀበለው ደግሞ 15 ነጥብ ያስገኛል። ነጥቡ ሲጠራቀም ኃላፊነት ይከተላል፦ 2,000 የደረሰ ሰው የሌላውን ጽሑፍ ያለ ማንም ፈቃድ ያርማል፤ 3,000 የደረሰ ደግሞ ደንብ ያላሟላ ጥያቄ እንዲዘጋ ድምፅ ይሰጣል። የሚጻፈው ሁሉ የሚወጣው በክሪዬቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ነው። ይህም ማለት ማንም ሰው የጸሐፊውን ስም እስከጠቀሰና ያሻሻለውን በዚያው ፈቃድ እስካወጣ ድረስ በነፃ ሊጠቀምበት ይችላል።

የዚህን አሠራር ጉልበት ለመረዳት ሁለት ጥያቄዎችን ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል።

ቪም የሚባል የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም አለ። በብዙ ሰርቨሮች ላይ ይገኛል፤ ሳያስበው የገባበት ጀማሪ ግን መውጫው ይጠፋዋል። የሚጫነው የመዝጊያ ምልክት የለም፤ የሚነካው ፊደል ሁሉ እንደ ትእዛዝ እየተቆጠረ ሥራውን ያመሰቃቅልበታል። በ2012 አንድ ሰው ከዚህ ፕሮግራም እንዴት እንደሚወጣ ጠየቀ። መልሱ አጭር ነው፦ ኢስኬፕ የሚለውን ቁልፍ መጫን፣ ሁለት ነጥብ፣ ኪው የሚለውን የላቲን ፊደልና ቃለ አጋኖ አከታትሎ መጻፍ፣ ከዚያ ኢንተር መጫን። የተሠራው ሳይቀመጥ ፕሮግራሙ ይዘጋል። በ2017 ስታክ ኦቨርፍሎው ያ ገጽ 1 ሚሊዮን ጊዜ መታየቱን አስታወቀ። አንድ ሰው ሳያፍር በመጠየቁ፣ ለመጠየቅ የሚያፍሩ እጅግ ብዙ ሰዎች መልሱን ተዘጋጅቶ አገኙት።

ሁለተኛው ጥያቄ የቀረበው በዚያው በ2012 ሲሆን ጠለቅ ያለ ነው። ጠያቂው 32,768 ቁጥሮች ይዞ፣ ከነሱ ውስጥ ከ128 የማያንሱትን ብቻ የሚደምር ኮድ በሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ ጽፏል። ሥራው 100 ሺህ ጊዜ ሲደገም፣ ቁጥሮቹ እንደተበታተኑ ከሆነ 11.54 ሰከንድ ይፈጃል፤ በቅድሚያ ከትንሽ ወደ ትልቅ ከተደረደሩ ግን 1.93 ሰከንድ ብቻ። የሚደመሩት ቁጥሮች ያው ናቸው፣ ኮዱም ያው ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? መልስ ሰጪው አንባቢውን ሬዲዮ ወዳልነበረበት ዘመን ወስዶ በባቡር ሐዲድ መገንጠያ ላይ አቆመው። ጠባቂው የሚመጣው ባቡር ወደ ግራ ይሁን ወደ ቀኝ የሚሄድ አያውቅም። እያስቆመ ከሚጠይቅ ቢገምት ይሻለዋል፤ ግምቱ ከሰመረ ባቡሩ ሳይቆም ያልፋል፣ ካልሰመረ ቆሞ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ሌላውን መንገድ ይይዛል። ፕሮሰሰሩም «ቁጥሩ ከ128 ያንሳል ወይስ አያንስም» በሚለው መገንጠያ ላይ እንደዚያው ይገምታል። ቁጥሮቹ ሲደረደሩ ያለፈው ውጤት የሚቀጥለውን ስለሚያመለክት ግምቱ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይሰምራል።

ይህ ማብራሪያ በድረ ገጹ ታሪክ ከፍተኛ ድምፅ ካገኙት መልሶች አንዱ ሆኗል። ማንም አልከፈለበትም። የጻፈው ሰው ጉዳዩን ስለወደደው ጻፈው፤ ሌሎች አነበቡት፣ አከሉበት፤ እስከ ዛሬም ተማሪዎች የፕሮሰሰርን አሠራር ይማሩበታል።

መድረኩ ፊቱን የሚያጨማድድበት ጊዜም ነበረው። ጥያቄው በትክክል ያልተቀመጠለት ጀማሪ በደቂቃዎች ውስጥ የተቃውሞ ድምፅ ይዘንብበታል፤ ወይም «ይህ ከዚህ በፊት ተጠይቋል» ተብሎ ጥያቄው ይዘጋበታል። እንግሊዝኛው የማይረዳው ሰው ደግሞ ገና ከበሩ ይመለሳል። ኩባንያው ራሱ በሚያዝያ 2018 ድረ ገጹ ብዙዎችን የማያስተናግድ፣ በተለይም ለአዳዲስ ፕሮግራመሮች፣ ለሴቶችና ለሌሎች ወደ ዳር ለተገፉ ሰዎች የማይመች ቦታ መሆኑን በይፋ አምኖ ይህ እንዲለወጥ ቃል ገባ። ወደ ሁለተኛው ክፍል ስንሻገር ይህን መያዝ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው መድረኩን የተወው ቅሬታ ይዞ ነውና።

ኦፕንኤአይ ቻትጂፒቲን ለሕዝብ የከፈተው ኖቬምበር 30 ቀን 2022 ነው። ስታክ ኦቨርፍሎው በቻትቦቱ የተጻፉ መልሶች እንዳይለጠፉ በጊዜያዊነት የከለከለው ዲሴምበር 5 ቀን ነው፤ በመካከሉ ያለፈው ጊዜ አንድ ሳምንት እንኳ አይሞላም። የክልከላው ምክንያት መልሶቹ መሳሳታቸው ብቻ አልነበረም። መልስ ማምረት እጅግ ቀላል ሆነ፤ መልሱ ደግሞ ሲያዩት ትክክል ይመስላል። ጉዳዩን የማያውቅ ሰው ጥያቄውን ለቻትቦቱ ሰጥቶ የመጣለትን ገልብጦ ይለጥፋል፤ ስሕተቱን ለማግኘት ግን ዕውቀት ያለው ሰው ተቀምጦ መስመር በመስመር ማንበብ አለበት። ማምረቱ ሰከንዶች፣ ማጣራቱ ብዙ ደቂቃዎች ሲፈጅ፣ በበጎ ፈቃድ የሚያጣሩት ሰዎች ይሸነፋሉ።

ይህ ሥጋት መሠረት እንደነበረው በኋላ የወጣ ጥናት አሳይቷል። የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2024 ባሳተሙት ሥራ ከስታክ ኦቨርፍሎው የተወሰዱ 517 ጥያቄዎችን ለቻትጂፒቲ አቅርበው መልሶቹን መረመሩ። 52 በመቶው የተሳሳተ መረጃ አለበት፤ 77 በመቶው ከሚገባው በላይ የተንዛዛ ነው። ይበልጥ የሚያሳስበው ቀጥሎ ያለው ነው፦ በጥናቱ የተሳተፉት ፕሮግራመሮች በመልሶቹ ውስጥ ያለውን ስሕተት 39 በመቶ በሚሆነው ጊዜ ሳያዩት አልፈዋል። ትሕትናው፣ የቋንቋው ጥራትና የማብራሪያው ሙላት ዓይናቸውን ሸፈነው። ከዚያ ወዲህ ቻትቦቶቹ የሚሠሩባቸው ሞዴሎች በእጅጉ ተሻሽለዋል፤ ቁጥሩም የያኔውን ሞዴል የሚመለከት ነው። ባማረ አነጋገር የቀረበን ስሕተት ማየት የሚከብደው ግን ለዛሬውም አንባቢ ነው።

ታዲያ ሰው ለምን ሄደ? ቻትቦቱ የሰጠው ነገር እውነተኛ ስለሆነ ነው። ሌሊት በ8 ሰዓት ይመልሳል። አሥር ጊዜ ቢጠይቁት አይቆጣም። የጠያቂውን የራሱን ኮድ ይዞ ይሠራል እንጂ «ተመሳሳይ ጥያቄ እዚያ አለልህ» ብሎ አይሸኝም። በመድረኩ ላይ የተዋረደ ጀማሪ፣ ማንም ሳይታዘበው «ይህ አልገባኝም» ለማለት ቻለ። ይህን ማቃለል ፍትሐዊ አይሆንም።

የመሄዱ መጠን ምን ያህል ነው? ጥያቄው አስቸጋሪ ነው፤ ምክንያቱም በስታክ ኦቨርፍሎው የሚቀርቡት ጥያቄዎች ቁጥር ቻትጂፒቲ ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት ጀምሮ ሲቀንስ ነበር። ብዙው መሠረታዊ ጥያቄ አስቀድሞ ተመልሷል፤ ጥቂት የማይባል ሰውም ተቀይሟል። በ2024 ፒኤንኤኤስ ኔክሰስ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት ይህን ለመለየት ብልህ መንገድ ተከተለ። ቻትጂፒቲ እንደ ልብ የማይገኝባቸውን የሩሲያና የቻይና ቋንቋ ተመሳሳይ መድረኮች፣ እንዲሁም ቻትቦቱ ያኔ ብዙም ያልረዳቸውን የሒሳብ መድረኮች እንደ ማነጻጸሪያ ወሰደ። ውጤቱ በስድስት ወር ውስጥ የስታክ ኦቨርፍሎው እንቅስቃሴ ከእነዚህ አንጻር በ25 በመቶ መውረዱን አሳየ።

ብዙዎች «የቀረው ተራው ጥያቄ ነው፤ ቁም ነገሩ በቦታው አለ» ብለው ነበር። ጥናቱ ይህን አይደግፍም። ጀማሪውም አንጋፋውም ተቀራራቢ በሆነ መጠን ነው የቀነሱት፤ በቀሩት ጽሑፎች ጥራት ላይም ጎልቶ የሚታይ ለውጥ አልተገኘም። ማለትም አደባባዩ ከገለባ አልጠራም፤ ፍሬውም አብሮ ቀንሷል።

በዚያው ዓመት ሳይንቲፊክ ሪፖርትስ ላይ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ተስፋ የሚሰጥ ነገር አመለከተ። የስታክ ኦቨርፍሎው ጎብኚና ጠያቂ ሲቀንስ፣ ሬዲት በተባለው የውይይት ድረ ገጽ ላይ ያሉ የፕሮግራመሮች ስብስቦች እንደዚያ አልቀነሱም። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን በሰዎቹ ትስስር ውስጥ ያዩታል። ስታክ ኦቨርፍሎው ሰላምታንና ጨዋታን ከጽሑፉ እያስወገደ መረጃ ብቻ እንዲቀር ያደረገ ቦታ ነው፤ መረጃውን ደግሞ ማሽን ሊሰጥ ይችላል። ሬዲት ላይ ሰው የሚመጣው ሥራ ስለ መልቀቅ ሊማከር፣ በአለቃው ሊያማርር፣ የሠራውን ሊያሳይ ጭምር ነው። ይህን የሚያገኘው እሱን ከመሰሉ ሰዎች ነው።

በስታክ ኦቨርፍሎው ቤት ውስጥም ሰላም አልነበረም። በ2021 ፕሮሰስ የተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ ድረ ገጹን በ1.8 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶት ነበር። በግንቦት 2023 መጨረሻ አስተዳደሩ፣ በቻትቦት የተጻፉ ናቸው ተብለው የሚጠረጠሩ መልሶችን አወያዮች እንዳያነሡ የሚያስር መመሪያ አወጣ። ምክንያቱ ጥርጣሬው ንጹሓንን እየጎዳ ነው የሚል ነበር። ያለ ደመወዝ የሚሠሩት አወያዮች ግን ጎርፉን የሚያግዱበት መሣሪያ እንደተወሰደባቸው ቆጠሩት። ጁን 5 ቀን ሥራ አቆሙ፤ አድማው ያበቃው ድርድር ተደርጎ በነሐሴ ወር ነው። በጥቅምት ወር ደግሞ ኩባንያው ከሠራተኞቹ 28 በመቶውን አሰናበተ።

እስካሁን ያየነው በአንድ ድረ ገጽ ላይ የደረሰውን ነው። ወደ ሦስተኛው ክፍል እንለፍ፤ እዚህ የምንጠይቀው ድረ ገጹ ይኑር ወይስ ይዘጋ ብለን ሳይሆን፣ ድረ ገጹ ያኖረልን ዕውቀት ከእንግዲህ የት እንደሚከማች ነው።

ቻትቦቶቹ ኮድ መጻፍ የተማሩት ሰዎች በአደባባይ ከጻፉት ነው። ሜታ በፌብሩዋሪ 2023 ላማ የተባለውን ሞዴል ሲያስተዋውቅ ለማሠልጠኛ ከተጠቀመበት ጽሑፍ ውስጥ 78 ጊጋባይት ያህሉ ስታክ ኦቨርፍሎውን ከያዘው የስታክ ኤክስቼንጅ የድረ ገጾች ቤተሰብ የተወሰደ መሆኑን በጥናት ወረቀቱ ገልጿል። ስታክ ኦቨርፍሎውም በ2024 መጀመሪያ ከጎግል፣ በግንቦት ደግሞ ከኦፕንኤአይ ጋር ይዘቱን የሚያገኙበት ስምምነት አደረገ። የኦፕንኤአይ ስምምነት እንደተሰማ አንዳንድ መልስ ሰጪዎች በተቃውሞ የራሳቸውን መልሶች ማጥፋትና መቀየር ጀመሩ፤ ድረ ገጹም ጽሑፎቹን ወደነበሩበት መልሶ አካውንታቸውን ለጊዜው አገደ። በሕግ በኩል ኩባንያው ደንቡን ጠቅሷል። የተቃወሙት ሰዎች የሚያነሡት ቁም ነገር ግን አሁንም መልስ ይፈልጋል። ፈቃዱ የጸሐፊው ስም እንዲጠቀስ ይጠይቃል፤ ቻትቦቱ መልሱን ሲያቀርብ ያ የባቡር መገንጠያ ማብራሪያ የማን እንደሆነ ብዙ ጊዜ አይናገርም።

ከስሙ በላይ ደግሞ የሚቀጥለው ዕውቀት ጉዳይ አለ። በየዓመቱ አዲስ የፕሮግራም ቋንቋ ዕትም ይወጣል፤ አሮጌው ትእዛዝ ይሻራል፤ አዲስ ስሕተት ይከሰታል። ቀድሞ የመጀመሪያው ሰው ሲደናቀፍ ይጠይቅ ነበር፤ ሁለተኛው ይመልስ ነበር፤ ሦስተኛው መልሱ በአዲሱ ዕትም እንደማይሠራ ከሥር ይጽፍ ነበር። ይህ ሁሉ ለቀሪው ዓለም ይታያል። አሁን የመጀመሪያው ሰው ከቻትቦት ጋር አምስት ጊዜ ተመላልሶ ችግሩን ከፈታ በኋላ መስኮቱን ይዘጋል። ያገኘውን መፍትሔ ጎረቤቱ አያየውም፤ ሊኖር የሚችለው መዝገብ በአንድ ኩባንያ ሰርቨር ውስጥ ነው። የሕዝብ የነበረው ዕውቀት ቀስ በቀስ ሞዴሉን የያዙት ጥቂት ድርጅቶች ብቻ የሚያዩት ሀብት ይሆናል ማለት ነው።

አራሚ በሌለበት ቦታ ስሕተት ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ የሚያሳይ ምሳሌ አለ። ፕሮግራመሮች ሁሉን ነገር ራሳቸው አይጽፉም፤ ሌሎች የሠሯቸውን ጥቅሎች በስማቸው ጠርተው ያወርዳሉ። በሦስት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ ተመራማሪዎች 16 ሞዴሎችን ወስደው 576 ሺህ የኮድ ናሙናዎችን አስጻፉ። ሞዴሎቹ ከጠሯቸው ጥቅሎች 19.7 በመቶው ጨርሶ የሌሉ ናቸው፤ ከ205 ሺህ በላይ የተለያዩ የፈጠራ ስሞች ተቆጠሩ። ብዙዎቹ ስሞች ደግሞ ያው ጥያቄ ሲደገም ተደጋግመው ይመጣሉ። ክፉ ያሰበ ሰው እንዲህ ያለውን ስም ቀድሞ አስመዝግቦ በውስጡ ጎጂ ኮድ ቢያስቀምጥ፣ ቻትቦቱን አምኖ የሚያወርደው ፕሮግራመር በገዛ እጁ ሌባ ያስገባል። እንዲህ ያለ የሌለ ስም በአደባባይ መልስ ውስጥ ቢጻፍ የሚያነበው ሰው ብዙ ስለሆነ፣ ከመካከላቸው አንዱ «ይህ ጥቅል የለም» ብሎ ከሥሩ የማስጠንቀቅ ዕድል አለው። በግል ውይይት ውስጥ ያንን የሚል ሦስተኛ ሰው የለም።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ። ኢትዮጵያ በሐምሌ 2024 ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር በመሆን የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብርን ጀምራለች፤ ብዙ ወጣት ኮድ የሚማረው ቻትቦት በእጁ ባለበት ዘመን ነው። ይህ ወጣት ያገኘው ትልቅ ዕድል አለ። ስታክ ኦቨርፍሎው ከእንግሊዝኛ ሌላ የፖርቱጋልኛ፣ የሩሲያኛ፣ የስፓኒሽና የጃፓንኛ ቅርንጫፎች ሲኖሩት የአማርኛ የለውም። ቻትቦቱን ግን በአማርኛ መጠየቅ ይቻላል። ሐሳቡን በእንግሊዝኛ ማስቀመጥ የሚከብደው ተማሪ በገዛ ቋንቋው «ይህ መስመር ለምን ስሕተት ሰጠኝ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ማብራሪያም ያገኛል። ለዓመታት ተዘግቶ የቆየ በር ነው የተከፈተው።

ያው ወጣት ግን ከማንም በላይ የሚጎዳበት ነገርም አለ። ለእኛ አገር ሶፍትዌር ሲሠራ የሚገጥሙት ችግሮች ብዙዎቹ በአደባባይ አልተጻፉም። የደመወዝ መክፈያ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው 13 ወር አለበት፤ ጳጉሜን 5 ቀን ናት፣ ዘመነ ሉቃስ ሲያበቃ ደግሞ 6 ትሆናለች። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍሎ 3 የሚተርፈው ዓመት ማለት ነው፤ 2015 ዓመተ ምሕረት እንዲህ ነበር። በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ያለው፣ ለ400 የማይካፈል የመቶ ዓመት መዝጊያ አንድ ቀን የሚቀንስበት ደንብ በእኛ የለም። ስለዚህ ከ2100 ጀምሮ ዕንቁጣጣሽ በአብዛኛው የሚውልበት ቀን ሴፕቴምበር 11 መሆኑ ቀርቶ ሴፕቴምበር 12 ይሆናል፤ «ሁልጊዜ 11 ነው» ብሎ የተጻፈ ኮድ ዛሬ ጳጉሜን 6 በሆነች ማግስት ይሳሳታል፣ ያኔ ደግሞ በየዓመቱ። ሰዓታችንም ከንጋት ጀምሮ ስለሚቆጠር ሁለት ሰዓት የተባለው ቀጠሮ በኮምፒዩተሩ ስምንት ሰዓት ነው።

የስም ፍለጋም እንዲሁ ነው። የግእዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ ገብቷል፤ ጽሑፉን ማስቀመጥ ችግር አይደለም። ነገር ግን በክሊኒክ መዝገብ «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበን ሰው፣ ሌላ ቀን ተረኛዋ «ሀይሉ» ብላ ብትፈልገው ኮምፒዩተሩ የለም ይላታል። ለማሽኑ ኃ እና ሀ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ሐኪሙ ፊት የሚቀርበው ካርድ አዲስ ሆኖ ይወጣል፤ ያለፈው የሕክምና ታሪክ እዚያው ይቀራል። ይህን ችግር የፈታ ፕሮግራመር ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ አምጥቶ መፈለጊያውን አስተካክሏል። እያንዳንዱ ለብቻው ፈትቶ መፍትሔውን ለብቻው ከያዘው ግን ቀጣዩ ከዜሮ ይጀምራል፤ ሞዴሉም ያላነበበውን ከሌላ አገር ልምድ ይገምታል። ዓለም በእንግሊዝኛ የጻፈው ክምችት ለዓመታት ይበቃው ይሆናል። እኛ ገና ያላከማቸን ነን፤ ሳንጽፍ ወደ ጓዳ ከገባን የሚጎድለው የእኛው ነው።

ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ ሊጀመሩ የሚችሉ ሥራዎች አሉ። ተማሪዎች ከቻትቦት ያገኙትን መልስ አስኪደው ይፈትኑት፤ የተጠራው ጥቅል መኖሩን በዋናው ማከማቻ ያረጋግጡ፤ የቋንቋውን ኦፊሴላዊ ሰነድ ያንብቡ። ብዙ ያለፋቸውን ችግር ሲፈቱ ደግሞ ጥያቄውንና መልሱን ራሳቸው በአደባባይ ይጻፉ። ስታክ ኦቨርፍሎውም ሰው የራሱን ጥያቄ ራሱ እንዲመልስ ይፈቅዳል። መምህራን ውጤት ሲሰጡ የተጠናቀቀውን ኮድ ብቻ ሳይመለከቱ፣ ተማሪው የት ተሰናክሎ እንዴት እንደወጣ የጻፈውን ማስታወሻ ቢያዩ፣ ማስታወሻው ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ማስተማሪያ ይሆናል። የሶፍትዌር ድርጅቶች የቀን መቁጠሪያና የስም ፍለጋ ኮዳቸው የንግድ ምስጢራቸው አይደለም፤ ሠራተኞቻቸው በነፃ ፈቃድ እንዲያወጡት ቢፈቅዱ ከወጪ የሚድኑት እነሱው ናቸው። በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን ያሉ አማርኛ ተናጋሪ ባለሙያዎች በዚህ ሊገናኙ ይችላሉ፤ ችግሩን የሚያውቁት በሁለቱም ቦታ ያሉት ናቸው።

በመጨረሻ አንድ መረጃ እንመልከት። ስታክ ኦቨርፍሎው በ2025 ከ177 አገሮች ከ49 ሺህ በላይ ፕሮግራመሮችን ጠይቆ ነበር። 84 በመቶው በሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ይጠቀማሉ ወይም ለመጠቀም አስበዋል። የመሣሪያዎቹን ትክክለኛነት የሚያምኑት 33 በመቶ፣ የማያምኑት 46 በመቶ ናቸው። 66 በመቶው የሚያማርሩት ትክክል ሊሆን ትንሽ የቀረው መልስ እያስቸገራቸው መሆኑን ነው። ወደፊት ሰውን የምትጠይቁት መቼ ነው ለሚለው ጥያቄ ደግሞ 75 በመቶው የመሣሪያውን መልስ ሳያምኑ ሲቀሩ እንደሆነ ተናግረዋል።

ያ የሚጠየቀው ሰው የሚበቃው የሌሎችን ጥያቄ በመመለስ፣ ተሳስቶ በአደባባይ በመታረም፣ የታረመውንም መልሶ በመጻፍ ነው፤ ስታክ ኦቨርፍሎው በርካታ ባለሙያዎችን ያፈራው በዚህ መንገድ ነበር። የዛሬው ጀማሪ ይህን ልምምድ የሚያገኝበትን ቦታ በየዩኒቨርሲቲው የኮምፒዩተር ክፍል፣ በየሥልጠና ማዕከሉና በየመሥሪያ ቤቱ ማዘጋጀት በዚህ አዳራሽ የተገኙት መምህራንና ባለሙያዎች አሁን ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ ነው። የመጀመሪያዎቹ ርዕሶች ጳጉሜንና ሞክሼ ፊደላት ቢሆኑ፣ በዚህ ዓመት የሚሠራ የክሊኒክ መዝገብ ኃይሉን በሁለቱም አጻጻፍ ሊያገኘው ይችላል።